ውሃ የሌላት ባሕር ዳር

ሽምብጥ ላይ መብራት ጠፋ፤ እኛ እሰየው አልን በዚያ ማታ፤
ከደንገሉ ዳር፣ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ፣ ለቴሌስኮፑ ፈለግን ቦታ።
መምህርት ብዙአየሁ የሠራችው ነው፣ ከውሃ ቱቦና ከመስታወት፣
ስምንት ወር ሙሉ ስትፈትገው፣ ስትፈትገው በየሌሊት።

ጋሽ እንድሪስ ግማሽ ታንኳ ጥሎ፣ ከጭቃው እግሩን መዝዞ ወጣ፤
"ስልሳ ዓመት" አለ፣ "ወደሷ ቀና የምለው፣ ረመዳን ሲመጣ።
ቀጭኗን አይቼ ጾም እይዛለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ምን ሥራ አለኝ?
ስትሞላ ስትጎድል የራሷ ጉዳይ፤ ዓሳው ከታች ነው የሚጠራኝ።"

ዓይኑን አስጠጋ። ዝም አለ። ትንፋሹን ዋጠ። ደግሞ ዝም አለ።
"ገልብጠሻታል፤ ልክ ውሃ ላይ እንደማያት ናት።"
"መስታወት አይደል፣ ይገለብጣል። ያቺን ጥቁር ሜዳ አዩዋት?
ባሕር ይሏታል።"
          "ዓሳ አላት?"
                    "የላትም።"
                              "ጉማሬስ?"
ይህን እንዳለ፣ ከዓባይ መውጫ በኩል፣ የኛው ጉማሬ አናፋ።
ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።
"ጠብታ የላትም። የቀለጠ ድንጋይ ነው፣ ሞልቶ ፈስሶ የረጋ፤
አሁን የቆምንበት ጥቁር ድንጋይ፣ የዚያ ዘመድ ነው፣ የዚያ ሥጋ።"

ከዚያች ደረቅ ባሕር ዳርቻ፣ ጥቁረቱ አልቆ ግራጫው ሲጀምር፣
አንዲት ጉድጓድ አለች፣ ትንሽ፤
ከጊዮርጊስ እስከ ዓባይ ድልድይ ብትሆን ነው፣ ከዳር እስከ ዳር።
አንዱ ግድግዳዋ በጥላ ጠቁሯል፣ አንዱ እንደ ጨው ነጥቶ በርቷል፤
ከፊቷ ሜዳው ላይ ሸንተረር አለ፣ እንደ ተጎተተ መረብ ተኮማትሯል።
ራቅ ብሎ፣ ብቻውን፣ አንድ ተራራ፣ እንደ ደቅ ደሴት ከውሃው ወጥቶ
(ውሃ የለም አልኩ እንጂ!) ጥላውን አርዝሞ ሜዳው ላይ ዘርግቶ።
ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው። እዚያ ገና አልነጋም።

"እሷም ባሕር ዳር ናት" አለች መምህርቷ፣ "አድራሻዋ ከኛ አይለይ፤
ዘንባባ የላት፣ ባጃጅ የላት፣ ዘጌም ከማዶ አይታይ።"

እኔ በእርሳስ ልስላት ሞከርኩ፣ በፊዚክስ ደብተሬ ጀርባ፤
ጥላዋን ሳጠቁር ወረቀቱ ተበሳ፤ ንፋስ በቀዳዳው ገባ።

"ስሟ ማን ነው?"
"የራሷ ስም የላትም። ትልቅ ጎረቤት አለቻት፤
በጎረቤቷ ስም ላይ አንድ ፊደል ቀጥለው ነው የጠሯት።"
ጋሽ እንድሪስ የደንገሉን ልጥ በጣቱ ጠመዘዘ፤
"እኔስ ብሆን ያ ታንኳ ሠሪ ነኝ፤ በስሜ ጠርቶ ማን አዘዘ?"

ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ አውራ ጣቱን እርጥቡ ጭቃ ላይ ተከለ፤
ሲያነሳው ጉድጓድ ሆነ፣ ዙሪያው ከፍ ያለ። "እንዲህ ናት?" አለ።
"እንዲህ ናት" ከማለቷ፣ ከእምቦጩ ሥር ትንሽ ሞገድ መጥቶ ላሰው፤
ጭቃው እንደ ነበረ ሆነ፣ ማንም ያልነካው፣ ማንም ያልደረሰው።
"እዚያ ሞገድ የለም። የተወጋ፣ እንደ ተወጋ ይቀራል።"

ፊቱን ዳበሰ።
የስልኬ መብራት ከጎን ቢነካው፣ የልጅነት ፈንጣጣው ተቆጠረ፤
ከቀኝ ዓይኑ ሥር ያለችው ትንሿ፣ ጥላ ሞልቷት ነበረ።

በሳምንቱ ጨረቃ ሞላች። መብራት መጥቷል፤ ሙዚቃውም፣ ጫጫታውም።
እሱ ራሱ ነው የመጣው፤ ማንም አልጠራውም።
ብዙ ፈለጋት። መላው ሜዳ፣ ሸንተረሩም፣ ተራራውም፣ ነጭ፣ እንደ ታጠበ ሳህን።
"የለችም! ሞላባት እንዴ? ውሃ ገብቶባት ይሆን?"
ብዙአየሁ መነጽሩን ሳትነካ፣ ቀስ ብላ፦
"አለች። ፀሐይ አናቷ ላይ ሆና ነው።
የሄደው ጥላዋ ነው።"

ቀና ሲል፣ ያ ሁሉ ብርሃን ፊት ለፊት ወደቀበት፤
ከቀኝ ዓይኑ ሥር ፈለግኳት፤
ጉንጩ ለጥ ብሏል፤ አጣኋት።